የጋሽ ይርጉ ድንጋይ

ድንጋዩ ባዶ ሆኖ የተገኘው ሐሙስ ጠዋት ነው። ያገኘው አብዲሳ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥዕል የሚያስተምረው፣ ከረባት ሳያስር ዳቦ ለመግዛት እንኳ የማይወጣው አብዲሳ። ለቅዳሜው ዝግጅት ሥዕሉን አንድ ጊዜ ልየው ብሎ ወደ ጋሽ ይርጉ ማተሚያ ቤት ጎራ አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የቆመውን ድንጋይ መለስ አድርጎ ሲያይ የለቀቀው ጩኸት የመናኸሪያ ረዳቶችን እንኳ ዝም አሰኘ ይባላል። ይባላል ነው እንግዲህ፤ የዲላ ሰው ወሬ ሲያወራ ጨው አያንሰውም።

ጣቢያ ስልክ ሲደወል ተረኛው ሳጅን «ድንጋይ ተፋቀብን ብለው ነው የሚያመለክቱት» ብሎ ሳቀ። ኢንስፔክተር የትምወርቅ ግን አልሳቀችም። የትኛው ድንጋይ እንደሆነ ወዲያው ገብቷት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ባጃጅ ያዘች።

እንዴትስ አይገባት! ልጅነቷን የጨረሰችው እዚያ ግቢ ነው። ጋሽ ይርጉ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሥዕል ተምረው ሲመለሱ፣ ዘመድ አዝማዱ መኪና ይዘው ይመጣሉ ብሎ ሲጠብቅ፣ በጭነት መኪና ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋይና አንድ የብረት ማተሚያ ጭነው ከች አሉ። ከተማው «ይርጉ አበደ» አለ። ውሎ አድሮ ግን ልጆቹ ከትምህርት ቤት መልስ እሳቸው ግቢ መሰብሰብ ጀመሩ። ድንጋዩ ላይ ቅባት ባለው እርሳስ ይሳላል፣ ከዚያ ሙጫና ውሃ ይቀባል፤ ቅባቱ የኅትመቱን ቀለም ይይዛል፣ ውሃው ደግሞ ይገፋዋል። ወረቀት ተጭኖበት ሲነሳ ሥዕሉ ይወጣል። ወረቀቱ ከድንጋዩ ሲላቀቅ የሚያሰማውን ድምፅ የትምወርቅ እስከ ዛሬ አልረሳችውም። ኅትመቱ ሲያልቅ ድንጋዩ በአሸዋና በውሃ ታሽቶ ይፋቅና ለሌላ ሥዕል ይዘጋጃል። ማንም ተማሪ የሚጀምረው ከማሸት ስለነበር፣ ትከሻዬን ያሰፋው የፖሊስ ሥልጠና ሳይሆን የጋሽ ይርጉ ድንጋይ ነው እያለች ትቀልዳለች።

የግቢው ትልቁ ሕግ ደግሞ ስለ ዝቃጩ ነበር። ድንጋይ ሲታሽ የሚወጣው ጭቃ የተፋቀው ሥዕል ያለበት ነውና ቦይ ውስጥ አይደፋም። የጋሽ ይርጉ ሚስት እትዬ አልጣሽ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የጌዴኦ ልጅ ነበሩ፤ አባታቸው ዛፍ ያልተከለ ሰው ከቤታቸው እህል ሲቀምስ አይወዱም ነበር። ከእሳቸው በተወረሰው ልማድ እያንዳንዱ ተማሪ ሲገባ አንድ ዛፍ ይተክላል፣ ያሸውንም ድንጋይ ዝቃጭ የሚደፋው ከራሱ ዛፍ ሥር ነው። የየትምወርቅ ዋንዛ አሁን ጣሪያውን አልፎታል። አብዲሳ የተከለው አቮካዶ ነው፤ ያኔም ሆዱን ይወድ ነበር። የጋሽ ይርጉ ዛፍ ከበሩ አጠገብ ያለው ዝግባ ነው።

ጋሽ ይርጉን ደጃፉ ላይ በርጩማቸው ላይ ኩርምት ብለው አገኘቻቸው። ስታስነጥስ ሰምተው ቀና አሉ።

«የትሜ፣ መጣሽ? ዩኒፎርሙ እንዴት ያምርብሻል!»

የትምወርቅ የለበሰችው ቢጫ ሹራብና ጂንስ ነበር። ዩኒፎርም እንደማትወድ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ እንደ ወትሯቸው ሊያሾፉባት ነው ብላ ስቃ ጉንጫቸውን ሳመች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፣ መጠርጠርም እንጀራዋ ነው፤ የሚወዱትን ሰው ግን ማን ይጠረጥራል?

ባዶው ድንጋይ ላይ የነበረው ሥዕል የድሮው የዲላ ገበያ ነበር። የሲሚንቶው ሱቅ ሳይሠራ፣ ሰው ከነአህያው ዛፍ ጥላ ሥር ሲገበያይ፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉት ሁሉ ከነአቀማመጣቸው። ጋሽ ይርጉ ይህን ሥዕል ሲስሉ ክረምትና በጋ ተፈራርቆባቸዋል። ሙጫው ተቀብቶ ኅትመቱን ብቻ ይጠብቅ ነበር። ቅዳሜ የድሮ ተማሪዎቻቸው ከሐዋሳም ከሞያሌም መጥተው ሊያትሙት፣ እሳቸውም በዚያው የማተሚያ ቤቱን ቁልፍ ለመጨረሻው ተማሪያቸው ለሱፍያን ሊያስረክቡ ነው። ልጅ አልወለዱም። ቁልፉን የሚቀበል ከጠፋ ቤቱ ይዘጋል፣ ማተሚያውም ለቁራሌው ይሄዳል ማለት ነው።

የትምወርቅ ድንጋዩን በመዳፏ ዳሰሰችው። ልስልስ ብሏል። ጠርዙ በሞረድ ተስተካክሏል፣ ታጥቧል፣ እንዲደርቅም ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጎ ቆሟል። ምቀኛ ቢሆን መዶሻ ያነሳ ነበር። ይህን ያደረገው ከዚሁ ግቢ የተማረ ሰው ነው።

ጋሽ ይርጉ ስለ ረቡዕ ውሏቸው ሲጠየቁ ሳይደናገሩ ነገሯት። ጠዋት እንግዶቹ የሚሞካክሩበትን የመለማመጃውን ድንጋይ ሲያሹ ቆዩ፤ ሁለቱ ድንጋዮች በመጠን መንትያ ናቸው። ቀትር ላይ ወገባቸውን ሲያማቸው ገብተው ተኙ፤ እስኪመሽ አልነቁም። አብራቸው የምትኖረው የእህታቸው ልጅ ኤልቤቴል ቀኑን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን የመዝሙር ልምምድ ላይ ነበረች። የግቢው በር እንደሁልጊዜው አልተቆለፈም። እንግዲህ ሥራው የተሠራው ከሰዓት በኋላ፣ ሽማግሌው ተኝተው ሳለ መሆን አለበት።

ኤልቤቴል የምታውቀውን ለመናገር ተቸገረች፤ ጣቷን ስታፍተለትል ቆይታ ነው ያወጣችው። አመሻሹ ላይ ስትመለስ ሱፍያን ከግቢው ሲወጣ በር ላይ ተገጣጠሙ። እጁ ጥቁር ጭቃ ነበር። እንዴት አመሸህ ብትለው ሳይመልስላት አለፈ።

«ሱፍያን እኮ ለድመት እንኳ ሰላም ሳይል አያልፍም» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

የትምወርቅ ወደ ጓሮ ዞራ ዛፎቹን አንድ በአንድ አየች። ከዝግባው ሥር የጠቆረ ዝቃጭ ተደፍቶ ደርቋል፤ የጋሽ ይርጉ የጠዋት ሥራ ነው ብላ አለፈችው። የሱፍያን ብርብራ ሥር ግን አቧራ ብቻ ነው። ዋንዛዋም፣ አቮካዶውም፣ ሌሎቹም ደረቅ ናቸው። ቦዩን በእንጨት ቆፈር ቆፈር ብታደርገው ቅጠል እንጂ ጭቃ የለበትም። የገበያው ሥዕል ዝቃጭ የት ገባ? ይህ ነገር ጥርስ ውስጥ እንደቀረ ፍርፋሪ ቆረቆራት።

ሱፍያን ከጎን ባለው የአባቱ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ምስማር ሲመዝን ተገኘ። ሠላሳ ሊሞላው የተቃረበ፣ ዝምተኛ፣ ትልልቅ እጅ ያለው ሰው ነው። አንተ ነህ ወይ ብትለው መሬት መሬት አየ። ከሰዓት የት ነበርክ ብትለውም ያው። እጅህ ላይ ምን ነበር ስትለው ብቻ እጁን ወደ ኋላው ደበቀ። ዝም አይነቅዝም ይላል የአገሬ ሰው፤ ምርመራ ላይ ግን ዝም ያሳስራል። ሳትወድ በግድ ይዛው ሄደች።

ቀትር ሳይሆን ከተማው ፈርዶ ጨርሷል። የአብዲሳ አፍ ደግሞ ቤንዚን ነው። የሱፍያን አባት ባህሩዲን ሱቁን ለማስፋት የጋሽ ይርጉን ቦታ ለዓመታት ሲጠይቅ እንደኖረ የማያውቅ የለም። እንግዲህ አባት አስቦ ልጅ ፈጸመ፣ ሽማግሌው ልባቸው ተሰብሮ እንዲሸጡ፤ ወሬው ይሄ ነው። የትምወርቅም እውነት ሳይኖረው አይቀርም ብላ ባህሩዲን ዘንድ ሄደች።

ባህሩዲን ነገር የሚያድበሰብስ ሰው አይደለም። ወንበር ስቦ አስቀመጣትና ቦታውን አዎ እፈልገዋለሁ፣ ነገም እጠይቃለሁ አላት። ረቡዕ ግን ምሳ እንደበሉ ከልጁ ጋር ኮንጋ ወርደዋል፤ የቡና ማጠቢያው ፓምፕ ተበላሽቶ መለዋወጫ ሊያደርሱ። የተመለሱት ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። የትምወርቅ እዚያው ተቀምጣ ለማጠቢያ ጣቢያው ኃላፊ ደወለች። ኃላፊው አባትና ልጅ አብረውት ፓምፑን ሲፈቱ እንደዋሉ፣ እንዲያውም ሱፍያን መፍቻ ረስቶ እንደሄደ ነገራት።

«ልጄ ይሄን አልነገረሽም?» አለ ባህሩዲን።

«ቃል አልተነፈሰም።»

ሰውየው ቆቡን አውልቆ ጭንቅላቱን አሻሸ። «ወላሂ፣ እኔ ሱቅ እንዲይዝልኝ ነበር የምፈልገው። እሱ ድንጋይ መረጠ። ተናድጄበታለሁ፤ ግን እዚያ ቤት ሲሠራ ፊቱን አይቼዋለሁ። አሁን ስሙ እንዲህ ከጠፋ ማን ልጁን ለሱ አምኖ ይልካል? ቅዳሜስ ማን ቁልፍ ይሰጠዋል?»

ቀጣዩ አብዲሳ ሆነ። እሱም ከደሙ ንጹሕ ነኝ ባይ አልነበረም፤ ድንጋዮቹን ዩኒቨርሲቲ እንውሰዳቸው በሚል ከጋሽ ይርጉ ጋር ተቀያይሞ ከርሟል። ብስጭት ያለበት፣ ማሸትም የተማረ። የትምወርቅ ከልቧ ጠርጥራው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እሱ ቢሆንላት ትመርጥ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ረቡዕ ከሰዓት ተማሪዎቹን ሲፈትን ነው የዋለው፤ አብሮት የፈተነ መምህርም አለ። በዚያ ላይ ሲጠየቅ ማልቀስ ጀመረ፤ የኔን እጅ ድንጋይ ላይ ያስያዙኝ እሳቸው እኮ ናቸው እያለ። ከረባቱን መሐረብ ሲያደርገው የትምወርቅ ተስፋ ቆረጠች።

ሱፍያን አሁንም ስላልተናገረ ጣቢያ አደረ፤ እሷም ዓርብ ጠዋት ዋንዛዋ ሥር ሄዳ ተቀመጠች። እዚህ ቦታ ላይ እትዬ አልጣሽ ለልጆቹ ቆጮ ቆርሰው ያድሉ ነበር፤ ከገበያ ሲመለሱ ነጠላቸው ኮረሪማና ዝንጅብል ይሸታል። ጋሽ ይርጉ ደግሞ ከውስጥ «አሸዋውን አታባክኑ!» እያሉ ይጮሃሉ። ያ ጩኸት አሁን ቢሰማ የማትሰጠው ነገር አልነበረም።

ከዚያ ማሰብ ጀመረች። ሱፍያን ከሰዓት ኮንጋ ነበር። ነፃ የሚያወጣውን ቃል አፉ ውስጥ ይዞ ለምን ዋጠው? ሰው እንዲህ የሚያደርገው ሌላ ሰው ለመሸፈን ነው። አባቱን እንዳይባል አባቱ አብሮት ነበር። ከራሱ ስም ይልቅ የሚሳሳለት ማን አለው?

ዓይኗ ከዝግባው ሥር ያለው ዝቃጭ ላይ አረፈ። ሁለት ድንጋይ ታሽቷል ከተባለ ሁለት ቦታ ዝቃጭ መኖር ነበረበት። ያለው ግን አንድ ነው። ተነስታ ሄዳ በጣቷ ቆንጠር አድርጋ አሸችው። የመለማመጃ ድንጋይ ዝቃጭ አመድማ ነው፤ ልጆች ነካ ነካ ያደረጉት ነውና። ይሄ ግን ጥቁር ነው፣ ቅባቱ ጣት ላይ ይቀራል። ቅባት የጠጣ፣ ብዙ የተደከመበት ሥዕል ነው።

ወደ ማተሚያ ቤቱ ገባች። ከበሩ በስተቀኝ ያለው ድንጋይ ሰማያዊ ሸራ ለብሶ ነበር፤ ትናንት እንግዳ እስኪመጣ ከአቧራ እንዲድን የለበሰ መስሏት አልነካችውም። አሁን ገለጠችው። ወፎች፣ ባጃጅ፣ አምስት እግር ያላት አህያ፤ የተማሪዎቹ ጭረት ሁሉ አለ። ረቡዕ ጠዋት ታሸ የተባለው የመለማመጃ ድንጋይ ጨርሶ አልተነካም።

ኤልቤቴልን ጠራቻትና ድንጋዮቹን ማን እንዳንቀሳቀሳቸው ጠየቀቻት።

«እኔ ነኝ» አለች ኤልቤቴል። «ማክሰኞ ስጠርግ ከባህሩዲን ሱቅ ወዛደሮች ለምኜ ቦታ አቀያየርኳቸው። የገበያው ሥዕል ወደ ብርሃኑ ቢሆን ለእንግዳ ይታያል ብዬ።»

«ለአጎትሽ ነገርሻቸው?»

«ምን መንገር ያስፈልጋል፣ ያዩት የለም እንዴ?»

የትምወርቅ ቢጫ ሹራቧ ትዝ አላት። እዚያው በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። እግዚኦ፣ እንዴት አልገባኝም ስትል ራሷን ረገመች።

ጣቢያ ስትመለስ ሱፍያንን ቢሮዋ አስጠራችው። ኮንጋ እንደነበረ እንደምታውቅ፣ አንድ ዝቃጭ ብቻ እንዳገኘች፣ ያልታሸው ድንጋይ እንዳይታይ ሸራውን ያለበሰውም እሱ እንደሆነ ነገረችው። ረቡዕ አመሻሹ ላይ ገብቶ ድንጋዩን ባዶ ሲያየው ወደ ዝግባው ሮጦ ጭቃውን በእጁ ዘግኖ እንዳሸው፣ ማን እንደፋቀውም ያኔ እንደገባው ራሷ ተረከችለት። ሱፍያን እስክትጨርስ ሰማት።

«ገበያውን ስለው ከጨረሱ ወዲህ ዓይናቸው ደከመ» አለ በመጨረሻ። «ቀለሙን የማነብላቸው እኔ ነኝ። ለማንም እንዳልናገር አስምለውኛል።»

«ታዲያ ታስረህ ልትቀር ነበር?»

«እትዬ የትምወርቅ፣ እኔ የማጣው ስም ነው። ስም ይመለሳል። እሳቸው ግን በገዛ እጃቸው እንደፋቁት ካወቁ ድንጋይ ዳግመኛ አይነኩም። ያኔ ምን ሆነው ይኖራሉ? አይንገሯቸው።»

የትምወርቅ የተከፈተውን መዝገብ ወደ ራሷ ሳበች። መዝገቡን እንደምንም ብላ መዝጋት ትችል ነበር፤ ማስረጃ ጠፋ፣ አለቀ። ግን ከተማው በሱፍያን ላይ ፈርዷል፤ ፋይሉ ቢዘጋ የሰው አፍ አይዘጋም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ቢባልም፣ ቅዳሜ ሳይጠራ ከቀረ ቁልፉን የሚቀበል የለም። ደግሞም ጋሽ ይርጉ ተማሪያቸው በሳቸው ፈንታ ሲዋረድ ዝም ብለው የሚኖሩ ሰው አይደሉም። ሱፍያንን ይዛው ወጣች።

ሽማግሌው ደጃፉ ላይ ነበሩ። አጠገባቸው ተንበረከከች፤ ሱፍያን ዝግባው ሥር ቀረ። 

«ጋሼ፣ የለበስኩት ምንድን ነው?»

ፈገግ ሊሉ ሞከሩ። «ዩኒፎርም ነዋ።»

 እንደ ወትሮዋ ሳትስቅ ስትቀር ፈገግታቸው ጠፋ፤ እጃቸውን ዘርግተው የሹራቧን እጅጌ ዳሰሱት።

«ዝቃጩ» አሉ ቀስ ብለው። «ጥቁር ነበር?»

«ጥቁር ነበር፣ ጋሼ።»

«ስብ ስብ ሸቶኝ ነበር እኮ። በመለማመጃው ቦታ የቆመ ነውና፣ ልጆቹ እርሳስ አብዝተው ነው ብዬ አለፍኩት።» እጅጌዋን ለቀቁ። «ሱፍያን የት ነው?»

«ጣቢያ አድሮ ነው የመጣው። እርስዎ እንዳያውቁ ብሎ አፉን አልከፈተም።»

ያኔ አለቀሱ፤ እንደ ሽማግሌ ተደብቀው ሳይሆን ፊታቸውን ሳይሸፍኑ። ስለ ሥዕሉ አንድ ቃል አልተናገሩም። ልጁን አምጪልኝ ብቻ አሉ። ሱፍያን መጥቶ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል ራሱን ይዘው ደረታቸው ላይ አስጠጉት፤ የትምወርቅም ወደ ዋንዛዋ ዞራ ቆመች።

ሲረጋጉ ሱፍያን አንድ ነገር አሳሰባቸው። እርሳስ ጠንክሮ የተጫነበት ቦታ ቅባቱ ወደ ድንጋዩ ውስጥ ይሰርጋል፤ የጋሼ ጉልበትም እንደ ድሮው አይደለምና እስከ ጥልቁ ላይታሽ ይችላል። ቀለም ቢሰጠው ምናልባት ትንሽ ይመለስ ይሆናል። ጋሽ ይርጉ ምናልባትን አልወደዱትም፤ ቢሆንም ቅዳሜ ሁሉም ባሉበት ይሞከር አሉ።

ቅዳሜ ግቢው በሰው ተሞላ። የተሸበቱም የወፈሩም ነበሩ፤ ሁሉም ገና ሲገቡ ወደየራሳቸው ዛፍ ሄደው ግንዱን ዳሰሱ። የትምወርቅ የመጣችው ዩኒፎርሟን በሚገባ ተኩሳ ለብሳ ነው። ጋሽ ይርጉ የትከሻዋን ማዕረግ በጣታቸው ነክተው «ያምርብሻል አላልኩሽም?» ሲሉ ግቢው ሳቀ፤ እሷ ግን ሳቁን ልትጨርሰው አልቻለችም። ከዚያ ራሳቸው ቆመው ለሁሉም ተናገሩ። ድንጋዩን የፋቅሁት እኔ ነኝ፣ ዓይኔ ጠፍቷል፣ ሱፍያን ስለኔ ታስሮ አድሯል አሉ። ይህን ሲሉ ባህሩዲን ከኋላ ቆሞ ቆቡን አወለቀ፤ አብዲሳ ሱፍያንን ይቅርታ ሊጠይቅ ሲሄድ ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀለት። ጋሽ ይርጉም ቁልፉን ያኔውኑ ሱፍያን እጅ ላይ አኖሩለት።

ሱፍያን ድንጋዩን አረጠበና ቀለም ሰጠው፣ ወረቀት አለበሰው፣ በማተሚያው አሳለፈው።  ወረቀቱን ከጥጉ ይዞ ሲያነሳ ያ የድሮው ድምፅ ወጣ፤ ጋሽ ይርጉ ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ።

«ምን መጣ?»

ገበያው አልነበረም። አህዮቹ፣ ዛፎቹ፣ ሰዎቹ የነበሩበት ሁሉ የጥር ጠዋት ጭጋግ ሆኗል። መሃል ላይ ግን አንዲት ሴት ከኮረሪማ ክምሯ ኋላ ተቀምጣ ቀና ብላ ታያለች፤ ፊቷ ጥርት ብሎ፣ የነጠላዋ እጥፋት ሳይቀር።

«እትዬ አልጣሽ» አለች የትምወርቅ። «እሳቸው ብቻ።»

«ሌላው ሁሉ ጠፋ?»

«ጠፋ፣ ጋሼ።»

ጋሽ ይርጉ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሷ ጋ ስደርስ እርሳስ እየሰበርኩ ነበር የምስለው» አሉ።

አብዲሳ አፍንጫውን ጠርጎ፣ የግቢው ሕግ ነውና፣ ኅትመቱ ሲያበቃ ድንጋዩን ማን ያሸዋል ብሎ ጠየቀ። ሱፍያን መልስ አልሰጠም። ሰማያዊውን ሸራ አነሳና ድንጋዩን አለበሰው፣ ጫፉንም ከሥሩ ጎሰጎሰ። ጋሽ ይርጉ የሸራውን ኮሽታ ሰምተው ምን እንዳደረገ ገባቸው፤ ግቢያቸው ውስጥ ሕግ ሲጣስ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አሉ።